አራት ጣት

ከሸዋ በር በታች፣ ከጠባቡ ቅያስ፣
ጀርባዬ ግንብ ነክቶ፣ እግሬ ቦይ እስኪደርስ፣
ካሜራዬን ይዤ ወደ ላይ አንጋጥጬ፣
ከጦሳ ጉም ቀድሜ፣ ከዝናብ አምልጬ፣
አነሳሁ የእትዬ ጦይባን ቤት፣ ታችና ላዩን፣
ጥርብ ድንጋዩን፣ የጣውላ በረንዳውን።
ወራሾች ሊካፈሉ፣ ግምት ሊወጣለት፣
«ፎቶ አምጡ» ተብለው፣ ፋይሉ ጎድሎበት።

ማታ በስቱዲዮ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣
ሳቄ መጣብኝ የገዛ ሥራዬን አይቼ፤
ቤቱ ወደ ኋላ፣ እንደ ሰካራም ሰው፣
ሰማይ ተደግፎ ሊተኛ የቀረው።
ሁለቱ ማዕዘኖች ከታች ተራርቀው፣
ከላይ ተጠጋግተው ምስጢር ሊያወሩ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቤቱ ምን በደለ?
ያንጋጠጠ ሌንስ ነው ጫፉን ያጋደለ፤
ከትልቅ ሰው እግር ሥር የተቀመጠ ልጅ፣
ጫማ ነው የሚያየው፣ ፊቱ ሩቅ ነው እንጅ።

መረቡን ዘረጋሁ፣ አግድምና ሽቅብ፣
የላዩን ሁለት ጫፍ ወዲያና ወዲህ ሳብ፤
ቀስ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ሳብ፣ ጣቴ ሳይቸኩል፣
ግራው ምሰሶ ቀና፣ ከመረቡ እኩል።
ግን ዋጋ አለው ማቅናት፤ ላዩ ሲለጠጥ፣
የቆርቆሮው ጉልላት ከክፈፉ ሲያመልጥ፣
የባሕር ዛፉ አናት ባዶ ላይ ሲቆረጥ፤
በረንዳው ላይ ቆማ ልብስ የምታሰጣ፣
ሰዓዳ፣ የልጅ ልጇ፣ አንገቷ ረዝሞ ወጣ።
ከፍታውን ቀነስሁ፣ ሰዓዳ ልጅ ሆነች፤
በሯ ግን አጠረች፣ ጎንበስ ታሰኛለች።
ሁሉን ባንዴ ማቅናት አይቻልም ለካ፣
አንዱን ጫፍ ያቃና ሌላውን ሳይነካ።

ቀኙ ማዕዘን ደግሞ አልታዘዘኝ ከቶ፣
ዘመም ብሎ ቀረ ትከሻውን ሰጥቶ።
ለብቻው ይዤ ሳብሁት፣ ቀጥ አደረግሁት፣
ከሌሊቱ ስድስት፣ «አለቀ» ብዬ አተምሁት።

ጧት ወስጄ ሰጠኋት። መነጽሯን አጥልቃ፣
ወደ መስኮቱ ብርሃን ወረቀቱን አርቃ፣
«አብሽር ልጄ፣ ያምራል። የማን ቤት ነው ይሄ?
የኔን እንኳ ዘሞ ነው የተወልኝ ሙሄ።»

ሙሄ ባሏ ነበር፣ ግንበኛ፣ ቱንቢ አዋቂ፣
ለአንዲት ጣት መዛነፍ ከድንጋይ ተናናቂ።

«ናዳ በመጣ ዓመት፣ በሐምሌ ሌሊት፣
መሬቱ ሸሸና ቀኝ ጎኑን ጣለበት፤
ሲነጋ ቱንቢ ጣለ፣ ቆጠረ በጣት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አራት።
ሰው ‹አፍርሰው› አለው። እሱ ሚስማር አንስቶ፣
ከበሩ መቃን ላይ ምልክት አበጅቶ፣
በየመስከረሙ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ያንኑ ክር ጥሎ ከግንቡ ሲያወራ፣
ያው አራት። ያው አራት። ሃያ ሁለት ጭረት፣
አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ፣ እስከሄደ ዕለት።
ቤቱ አልወደቀም ልጄ፣ አሳረፈ ጎኑን፤
ደከመው፣ ደገፍ አለ፣ አገኘው ልኩን።
አንተ ያቀናኸውን ገማቹ ሲያየው፣
መጥቶ ከበሬ ላይ ዘሞ ሲያገኘው፣
‹ዘንድሮ ነው የዘመመ፣ ሊወድቅ ነው› አይልም?
ዓይኑን ያምናል እንጂ ጭረቴን አይሰማም።»

ተመለስሁ። ከፈትሁት። የሌንሱን አጥፊነት፣
እንደታረመ ተውሁት፤ የኔ ነውና ስህተት።
ቀኙን ብቻ ፈታሁ፣ ከያዝሁበት ለቀቅሁት፣
ሙሄና ናዳው ታርቀው ወዳስቀመጡት።
ጣቴን አጋድሜ ስክሪኑ ላይ ለካሁ፤
አራት ጣት እዚህ ላይ የክር ያህል ነው፤ ሳቅሁ።

አንዱን ቅጂ ከሱቄ ግድግዳ ሰቅያለሁ፤
የሚገባው ሁሉ «ዘሟል» ሲል እሰማለሁ።
አንዱማ ትናንትና ክፈፉን በጁ ገፋ፣
ቀኙ ቀና ሲልለት ግራው ጎን ተደፋ።
ምንም አላልሁ። ሲወጣ ወደ ቦታው መለስሁት።
ቱንቢ የለኝም። በዓይኔ ነው የለካሁት።