ቤት ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት

ከሲራጅጋንጅ ወደብ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን
የጃሙናን ውሃ በሞተር ጀልባ ስንሰነጥቅ፣
ጉልበቴ ላይ ነበር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
የፕሮፌሰሩ መጠይቅ።

ሠላሳ አራት ዓመት። ዘንድሮ አምስተኛው ዙር።
ጥያቄው ያው ነው፤ አንዲት ቃል አትነካም፤
«ከነካካችሁት» ይሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣
«የዛሬው መልስ ከትናንቱ ጋር አይለካካም።»

ነይመት ከኋላ ሳቀ። «ወንዙስ? ለወንዙ ነግራችሁታል
እንዳይነካካ?» አለኝ፣ መሪውን በእግሩ እንደያዘ።
ዝም አልኩት። በካርታዬ መንደር ባለበት ቦታ
ውሃ ነው፤ ጥግ ላይ አንድ ሽመላ ቆሟል፣ እግሩ የደነዘዘ።

«ቾር» ይሉታል እነሱ፣ ወንዝ ያበደረውን
የአሸዋ አገር፤
ሲሻው አሥር ዓመት ያስከርመዋል፣ ሲሻው
ይወስደዋል በአንድ አዳር።
ስለዚህ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ሚስማሩ የላላ፤
ውሃው ዳርቻውን ሲገምጥ ያፈርሱታል፣
ጀልባ ላይ ይጭኑታል፣ ሌላ አሸዋ ላይ ይተክሉታል ኋላ።

በመጀመሪያው ዙር ፕሮፌሰሩ በቀይ ቀለም
በየቤቱ ግንባር ቁጥር ጻፉ፤
ቤት ይሄዳል ብሎ ማን አሰበ?
ቁጥሮቹም አብረው ተንሳፈፉ።

እኔ የምፈልገው መቶ አሥራ ሁለትን ነው።
ሞርጂና ያኔ ሙሽራ ነበረች፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ።
ቅጹ እንዲህ ይላል፦ ባል፣ ኮሲሙዲን። መሬት፣ ሁለት ቢጋ።
ላም፣ አንዲት፣ ነጭ። ዕዳ፣ «አልመለሱም»።
በኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በፕሮፌሰሩ እጅ፦
«ስትስቅ አፏን በሳሪዋ ጫፍ ትሸፍናለች።»
ይህ የየትኛውም ጥያቄ መልስ አይደለም።

ሁለት ቾር አቋርጠን፣ በሦስተኛው፣
ነጭ አበባ ባወጣ ረጅም ሣር መሃል
የዳክዬ ጎጆ አየሁ፤ በጎኑ ቀይ ቀለም፤
ሁለት ቁጥር፣ ብቻዋን፣ አንገቷን አግድም ጥላ፣
ራሷም ዳክዬ መስላ።

«ኮሲሙዲን ሲሞት» አለች፣ በርበሬ ከምታሰጣበት ሳትነሣ፣
«ልጆቹ ቤቱን ተካፈሉት፤ ላልሚያ ሁለቱን አንዶች ወሰደ፣
ሹኩር ይቺን አነሣ።
መዝጊያውን እኔ ሸጥኩት፣ ለጆሞና መሳፈሪያ፤
አሁን ዳካ ትሰፋለች፣ የሰው አገር ሸሚዝ፣ የሰው አገር መለያ።»

«መሬት አላችሁ?» «ሁለት ቢጋ።»
«የት ጋ?»
በርበሬ ባቀላው ጣቷ መሃል ወንዙን አሳየችኝ።
«ግብሯን እከፍላለሁ። ወንዙ ቢያርሳት
እኔ አልረሳኋት።»

ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፦ «አላት»፣ «የላትም»።
እርሳሴ በመሃል ቆመች፣ እንደ ሽመላው።

«ከአንድ ድስት የሚበሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው» ይላል መመሪያው።
«ቁርስ ላልሚያ ዘንድ፣ እራት ሹኩር ዘንድ» አለች።
«ምሳስ?»
«ምሳ አንተ ስትመጣ ብቻ ነው የሚጠየቅ» ብላ ሳቀች፤
እጇ ወደ ሳሪዋ ጫፍ ሄደ።
እርሷ መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው፣ በቀለሙ አይደለም።

ከዚያ ተራው የእርሷ ሆነ። «አንተስ፣ ቤት አለህ?»
«ኪራይ። ዳካ።» «ስንቴ ለቀቅህ?»
ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። የእርሷ ሰባት ነው።
«ውሃ ሳይኖር?» አለችኝ፣ እንደ ማዘን ብላ።
«እንግዲያ ያንንም ጻፈው።»

ጻፍኩት፣ ኅዳጉ ላይ። አለቆቼ ይሰርዙታል።

ስንመለስ ጀልባው ላይ አዲስ ቁጥር ሰጠሁ፦
መቶ አሥራ ሁለት «ሀ» ለላልሚያ፣ መቶ አሥራ ሁለት «ለ» ለሹኩር።
እርሷን ግን የት ላስፍራት?
በሁለቱ ረድፍ መሃል፣ መስመሩ ላይ፣
አንዲት ነጥብ ጣልኩ፣ ስህተት የምትመስል።
ነይመት ዘፈን ከፈተ፤ ሞተሩ ዋጠው።

ማታ ይህን ልጽፍ ስቀመጥ
አንዳንዱ ቤት መታ፣ አንዳንዱ ፈረሰ፤
የምጨርስበትንም ፈልጌ ነበር፤
መዝጊያው ተሽጧል።