ደመና ላይ

ተንደር ቤይ በጥር ወር፣ መስኮቱ በረዶ፤
በጀት «በጀ» ብሎ፣ ኬክ ተቆርጦ ማልዶ፣
አርባ አዲስ ታብሌት ከሣጥኑ ወርዶ።
«መዝገብዎ፣ አባት፣ ደመና ላይ ወጣ»
አላቸው ባለሙያው፣ ከቶሮንቶ የመጣ።
ሽማግሌው ቶይቮ ቀና አሉ ወደ ላይ፤
ነጭ በነጭ ነበር የዚያን ለታ ሰማይ።
«ዝናቡን እንጠብቃ፣ ሕመሜ እንዲታይ።»

ሙከራው ተሳካ፣ ተጨበጨበ፣ ደመቀ፤
ከፋዩ ግን ጠፋ፣ ፈቃዱ አለቀ።
ታብሌቶቹ ዛሬ መደርደሪያ ሥር ናቸው፣
የጓንት ካርቶን ተጭኗቸው፤
ኦዴትም የይለፍ ቃላቸውን ይዛ ጡረታ ወጣች።

ትናንት ሌሊት ግን
ጥግ ያለው አሮጌ ፋክስ አሳለው፤
የቶይቮን የደም ውጤት ተፋ፣
ከወገቡ በታች ቀለሙ የጠፋ።
«ቁጥሩን ድገምልኝ» አልኩ በስልክ፣ «ወዳጄ»፤
የጎደለውን ሞላሁት፣
በእጄ።