የመጀመሪያዋ ነጥብ

ቦሻን የከሰል ከተማ ናት፣ ጣራዋ ጥላሸት የለበሰ፣
እሳቷ ግን መስታወት ይወልዳል፣ እንባ የመሰለ፣ የለሰለሰ።
እኔ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የመምህር ሉዋን ደቀ መዝሙር፣
ሥራዬ መነቅነቅ ብቻ ነበር፤ ቀለም መንካት? ገና ነውር።
አውራ ጣት በሚያህል ብልቃጥ ሆድ ውኃና አሸዋ እጨምራለሁ፣
የብረት ፍንጣሪ አክዬበት ከንጋት እስከ ማታ እነቀንቃለሁ።
ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፤ ክንዴ ይዝላል፤ በእንቅልፌም ውስጥ ይሰማኛል፤
"ልሙጥ ነገር ቀለም አይዝም፤ መጀመሪያ ይቧጨር" ይለኛል።

እሱ ጀርባውን ለምድጃ፣ ፊቱን ለመስኮት ሰጥቶ ይቀመጣል፣
ጫፉ እንደ ወፍ ጥፍር የታጠፈ የቀርከሃ ብዕር ይመርጣል፤
ሽንብራ በማያሳልፍ አፍ አሾልኮ ወደ ውስጥ ይሰዳል፣
ዓይኑ እደጅ ይቀራል፤ እጁ ብቻ ጓዳ ይወርዳል።
ትንፋሹን ይዞ፣ በሁለት የልብ ምት መሀል አንድ መስመር፤
አንድ የቅንድብ ፀጉር። ከዚያ ሻይ። ከዚያ እንደገና መጀመር።

ሌላው ሠዓሊ ሰማይና ተራራን ከሰው አስቀድሞ ይሥላል፣
የብልቃጥ ነገር ግን ግልባጭ ነው፤ ኋለኛው ፊት ይውላል።
መጀመሪያ ብሌን፣ ከዚያ ዓይን፤ መጀመሪያ በረዶ፣ ከዚያ ጣራ፤
የሳቱትን መደረብ አይሸፍነውም፤ ስሕተት ነው ቀድሞ የሚጠራ።

በረዶ በጣለ ማለዳ፣ የከሰል መዛኙ ሚያው መጣ፣
ከደረቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣ።
"ሱዪን ናት፤ ሚስቴ። መከር ሲያልቅ…" አለ፤ አልጨረሰም፤
"ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ጨምር፤ ፎቶው ሲነሣ ገና አልደረሰም።"

ሦስት ወር ፈጀ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ አንዲት ነጥብ ብቻ፣
የግራ ዓይኗ ብሌን፤ ጥቁር፣ የሰናፍጭ ፍሬ ግማሽ አቻ።
ኋላ ዓይኗ፣ ጠባሳዋ፣ ጉንጯ፣ ፀጉሯ፣ ሰማያዊ ቀሚሷ፣
በመጨረሻም ከጀርባዋ ያበበ የኮክ ዛፍ፣ ጥላ እንዲሆን ለራሷ።

ሚያው ወደ ብርሃን አንሥቶ አያት። ቃል አልወጣውም። ተቀመጠ።
የሱረት ቆርቆሮውን ከፈተ፤ ወደ ብልቃጡ አፍ ገለበጠ።
መምህሬ ሲጮኽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፦ "ማንኪያው ይፍቃታል!
የሦስት ወር ትንፋሼን፣ ሰውዬ፣ አፍንጫህ ያጠፋታል!"
ሚያውም፦ "ሱረት የምትሞላልኝ እሷ ነበረች፣ ጠዋት ጠዋት።
በአንድ ሌሊት ነው የሄደችብኝ፤ አሁን ቀስ ብላ ትሂድ፣ በየጥቂት።"
መምህሬ መልስ አጣ። "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ፣
ሱረት የያዘ የሱረት ብልቃጥ ያን ቀን አየሁ፤ ሌላው ሁሉ መደርደሪያ ላይ ነበረ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የመምህሬ እጅ ከዳው፤ ብዕሩ ለእኔ ተረፈ፣
"አሁን ነቅናቂው እኔ ሆንኩ" ብሎ በራሱ ላይ አሾፈ።
ሚያው ተመለሰ፣ ጎብጦ፣ ብልቃጡን በዚያው መሐረብ ይዞ፤
ወደ መስኮቱ አነሣሁት፦ የኮኩ ዛፍ የለም፤ ቀሚሱ ደብዝዞ፣
ፀጉሯ ተፍቆ፣ ጉንጯ ጠፍቶ፣ የጠባሳዋ ሥፍራ ባዶ፣
ከዚያ ወዲያ ነጭ ብቻ፤ በልጅነት ክንዴ የነቀነቅሁት በረዶ።

አንዲት ነጥብ ግን ቀርታለች፤
መስታወቱን ሙጥኝ ያለች፣
ማንኪያ ያልደረሰባት፣ ከሁሉ በፊት የተወለደች።

"ልድገምልህ?" አልኩት። "የእሱ እጅ ባይችል፣ የእኔ ይችላል።"
ሚያው ሳቀ፤ ከእጄ ወሰደው፤ "እኔን ለማየት አንድ ዓይን ይበቃታል።"

መምህሬ ከጥጉ፣ ዕድሜውን ትንፋሽ በመያዝ የጨረሰው፣ እጁን ዘርግቶ ቁንጥር ጠየቀ፤
ሚያው ከነጥቧ ሥር ቆንጥሮ ሰጠው። ሽማግሌው አስነጠሰ፤ መስኮቱ ተነቃነቀ።