ቱንቢ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ብርጭቆ ተጋጨ፤
ውሻው ሁሉ ጮኸ፣ ሕፃን ተቁለጨለጨ።
የብሎክ ሠላሳ ሰው ያገኘውን ለበሰ፣
በደረጃው ጎርፎ ሜዳ ላይ ፈሰሰ፤
አንዱ በአንድ እግር ጫማ፣ አንዱ ልጁን አዝሎ፣
ሙዘይን ባለሱቁ ቴሌቪዥን አንጠልጥሎ።

የቱሉ ዲምቱ ብርድ አጥንት ይቆጥራል።
ወሬው ከስልክ ስልክ ዞረ፦
«አሥር ሰዓት ላይ ይደገማል፤ ሳይንቲስት ተናግሯል።»
የትኛው? ማንም አልጠየቀ።
ክፉም ቢሆን ቁርጥ ነዋ፤
አሥር ሰዓትን እንደ ምሰሶ ተደግፈን ቆምን።

ሶሬቲ ከሦስተኛ ፎቅ ወረደች፤
የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚለካበት ቢሮ የምትሠራው፣
ጠዋት ጠዋት ከእኔ ኋላ ለሚኒባስ የምትሰለፈው።
ከበብናት።
«አሥር ላይ ይመጣል?»
«አላውቅም።»
«አይመጣም ማለት ነው?»
«እሱንም አላውቅም።»
ወይዘሮ የሻረግ ተቆጡ፦
«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ?
አላውቅምን እንደሆነ እኛም እናውቀዋለን!»

ሳቅን። እሷም ሳቀች።
«የእኔ አላውቅም ወሰን አለው» አለች።
«ሰዓቱን ማንም አያውቅም፤ አሥር ያለውም አያውቅም።
ትንንሹ ይደጋገማል፣ ይኼን ደጋግመን አይተናል።
ከአሁኑ የሚበልጥ ግን፣ ከመቶ ምናልባት አምስት።
ነገ ስንለካ አምስቱ ሦስት ይሆናል፣ ወይም ስምንት፤
ያን ጊዜ መጥቼ ተሳስቼ ነበር እላችኋለሁ።»
«አምስቷ እኔን ብትሆንስ?» አለ ሙዘይን።
ለእሱ መልስ አልነበራትም።
እንደሌላትም አልደበቀችም።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ቱንቢ ጥያለሁ፤
ፍጹም ቀጥ ያለ ግድግዳ እስከ ዛሬ አልሠራሁም።
ለባለቤቱ «ቀጥ ብሏል» እለዋለሁ።
ለረዳቴ ለአንጁሎ ግን
«በሦስት ሜትር ግማሽ ጣት ስቷል፤ ይሸከማል» እለዋለሁ።
ቤቱ የሚቆመው በሁለተኛው ቃል ነው።
ለካ ይህን ቋንቋ አውቀው ኖሯል፣
ቀን በሲሚንቶ ስናገረው፣
ማታ ለልጆቼ ሳልነግራቸው።

ቱንቢዬን አምጥቼ ከልብስ ማድረቂያው ብረት ላይ አንጠለጠልኩ።
ልጆቹ በስልክ መብራት ከበቡት።
ሲወዛወዝ «መጣ!» ይላሉ።
«ነፋስ ይሁን መሬት በምን ለያችሁ?» ትላለች ሶሬቲ።
የሙዘይን ልጅ ሮጣ የብስኩት ካርቶን አምጥታ ከለለችው።
ቆመ።
ከሞላ ጎደል።

አሥር ሰዓት መጣ፤ አለፈ።
«በቃ፣ ተረፍን!» አለ አንዱ።
«አሥር ሰዓት አለፈ እንጂ» አለች፣ «ሌላ ምንም አላወቅንም።»
ወይዘሮ የሻረግ የብርድ ልብሳቸውን ግማሽ ጣል አደረጉላት፦
«አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ ዋሽተሽ አፅናኚን።»

ግማሹ ሰው ሚኒባስ ውስጥ አደረ።
እኔ ወጣሁ። አልጋውን ከመስኮቱ አራቅሁ፣
ጫማዬን ከበሩ ሥር፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ፣
ለአምስቷ የሚገባትን ያህል ፈራሁላት፤
ዘጠና አምስቱን
ተኛሁት።