ውሃ ልክ

ሪቤ ወንዙ ዳር ላይ፣ ከጀልባው መቆሚያ፣
አንድ ምሰሶ አለ፣ የጎርፍ መለኪያ፤
በየዘመኑ ውሃ፣ በባሕሩ ቁጣ፣
ቀለበት አለበት እስከየት እንደወጣ።
ውሃ ሲመሰክር ምሎ አይገዘትም፤
በደረሰበት ላይ ይተዋል ማኅተም።

ቶርኪልድ ሽማግሌው የግድቡ ጠባቂ
ነበረ በጊዜው፤ ዛሬ ግን ጠያቂ
ከእኔ በቀር የለው። ጧት በሁለት ሰዓት
ካልሲ ሳጠልቅለት፣ ክኒኑን ቆጥሬ ስሰጠው ስድስት፣
ደብተሩን ይገልጣል፣ ጠርዙ የተበላ፣
አርባ ዓመት የጻፈው፣ በቀይ የተሞላ።
ማን ተናገረ? ምን? ለመቼስ ቀጠረ?
አራተኛው ዓምድ ጠባብ ነው፦ ሆነ ወይስ ቀረ?
እሱ በዴንማርክኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤
እኔ ጆሮ ሲደርስ አማርኛ ይሆናል።

«ቄስ ኤስበን፣ በስብከት፦ ‹ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ
ይሞላል ይህ መቅደስ፣ እስከ ደጁ ድረስ።›»
ቶርኪልድ ሄዶ ቆጠረ። ሠላሳ አንድ ሰው፤
አንዱ ዝናብ ሸሽቶ የገባ፣ አንዱም ቆጣሪው ራሱ ነው።

«እንደራሴው ላውሪትስ፦ ‹በሦስት ዓመት ግፋ ቢል
የዓሣው ፋብሪካ ዳግም ጭሱ ይታያል።›»
ፋብሪካው የብስክሌት መጋዘን ነው ዛሬ፤ ሰውየው ሚኒስትር ሆኗል።

«ሰባኪዋ ሲግሪድ፦ ‹ሺሁ ዘመን ሲያልቅ፣ በዚያች ሌሊት፣
መብራት ይጠፋል ከምድር፣ ይነፋል መለከት።›»
የተሰማው ርችት ነው። ኋላ ስትጠየቅ
«በመንፈስ ነው ያልኩት» አለች፣ ቅንጣት ሳትሳቀቅ።
ይሄኔ ሳቄ መጣ። የቅኔ አገር ሰው ነኝ፤
ሰሙ ሲቀልጥባቸው «ወርቁን ነው ያልነው» ቢሉ አይገርመኝ።

በሰማያዊ የተጻፉም አሉ፤ ጥቂት ናቸው።
«በታኅሣሥ ይበርዳል» ያሉትን ነጥብ ነፈጋቸው።
ኪርስቲነ የምክር ቤቷ «ሁለት ዓመት አይሞላ፣
ትምህርት ቤቱ ይዘጋል» ብላ
ወንበሯን በምርጫ አጣች፤ ተዘጋም፣ በዓመቱ ኋላ።
ማንም ይቅርታ አልጠየቃት። እሱ ብቻ በሰማያዊ ቀለም
«ሆነ» ብሎ ጻፈላት። ሌላ ሽልማት የለም።

ደግሞ ምርጫ ደርሷል። በየመብራቱ ግንድ
ፊት ተሰቅሏል፣ የሚስቅ፣ ተስፋ የሚያጠምድ፤
ነፋስ ሲያገላብጣቸው ጀርባቸው ነጭ ነው፤
ከምርጫው ማግሥት መሰላል ይዞ የሚያወርዳቸው
ጎረምሳ ይመጣል። ከዚያ ግንድ ላይ
ምንም ቀለበት አይቀርም፣ ቃል የደረሰበትን የሚያሳይ።

«የሳተውን አልጠላም» ይለኛል፣ «ቢያንስ ቀን ሰጠኝ።
‹በቅርቡ› የሚለው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፤
የት ዓምድ ልክተተው? ሞቼም አይዘጋ ገጹ።
‹በቅርቡ› ሁልጊዜ ገና ነው።»

«በእኛ ዘንድ» አልኩት፣ «የተናገሩት ከሚጠፋ፣
የወለዱት ይጠፋ።»
ዝም አለ። መስኮቱን አየ።
«ልጅ አልነበረንም» አለ፣ ቆይቶ፤ ደብተሩን ገለጠ፣
ሁልጊዜ ዘሎት በሚያልፈው ገጽ ላይ ጣቱን አስቀመጠ።

ማን? ቶርኪልድ። ምን አለ? ቦዲል ትድናለች፤
ምሰሶው ድረስ በእግሯ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።
ለመቼ? ለፋሲካ።
አሥራ አንድ ፋሲካ አልፏል። የሰው ቃል ሲለካ
የኖረ ያ ብዕር፣ ቄሱን፣ እንደራሴውን ያልማረ፣
እዚህ ዓምድ ጋ ሲደርስ ባዶውን ትቶት አደረ።

ምን ልበል? ጎንበስ ብዬ ጫማውን አሰርኩለት።
«ነገ ትመጫለሽ?» አለኝ። «በሁለት ሰዓት።»
ብዕሩን አነሳ።
ስሜን ጻፈ፣ እንደ ልማዱ አንድ ፊደል ገድፎ፤
ቀኑን፣ ሰዓቱን። አራተኛውን ዓምድ በባዶ አሳልፎ
መነጽሩን አወለቀ።

ደረጃውን ስወርድ ስልኬን አውጥቼ
ማንቂያውን አስተካከልኩ፣ ሁለት ጊዜ አይቼ።