ከማን ጎን?

ሙሮስ ገና አልነጋም፤ ጉሙ ወደቡን ውጦታል፤
ከመረብ መጋዘኑ ፎቅ አንድ መብራት አድሮ አንግቷል፤
ሳቤላ ናት፤ በካልሲ ተቀምጣ፣ ሾርባው ቀዝቅዞ ከጎኗ፣
ሦስት ስልክ ፊቷ ደርድራ፣ ደም የለበሰ ዐይኗ።

ሥራው ሲነገራት ቀላል ነበር፦
«ጀልባ ከባሕር በገባ ቁጥር ስሙ ይውጣ በሰሌዳ፣
ለአንድ ጀልባ አንድ ቁልፍ፤ ዓሣ ገዢው እንዳይጎዳ።»
ግን ስንት ይመጣል? ባሕር ዝርዝር አይልክም፤
ዛሬ አራት፣ ነገ ሠላሳ፤ ለማንም ቃል አይገባም።
አስቀድሞ ስሎ «ይህ እዚህ፣ ያ እዚያ» ማለት የማይሆነው፣
ቁልፉ የሚወለደው ስክሪኑ በርቶ ሳለ ነው፤
እንግዳው ከገባ በኋላ ወንበር እንደሚፈለገው።

«ቁልፍ ፍጠር» ብላ ጻፈች። ፈጠረ።
«ስሙን ለጥፍ።» ለጠፈ።
«ጨምረው።» ጨመረ።
የት? አላለችም። እሱም ሳይጠይቅ ዐለፈ።

ኮድ እንደ ሞኝ ሎሌ ነው፤ ያልተባለውን አያስብም፣
ቦታ ባይነግሩት እንኳ «ቦታ አጣሁ» አይልም፤
ሁሉንም ጠርጎ ከላይ በግራ፣ ዜሮ በዜሮ ጥግ፣
አንዱን ባንዱ ላይ ከመረው፣ ያለ ሥርዓት ያለ ወግ።
«ኖቫ ካርሜላ» ሆድ ውስጥ «ትሬስ ኢርማንስ» ተሰነቀረ፤
የ«ፔድራ ዶ ሳል» ከሥራቸው የመጨረሻ ፊደሉ ብቻ ቀረ።

ቁጥር ሰጠች፦ ካናት መቶ፣ ከግራ ዳር አርባ፣
ቀጣዩ ሁለት መቶ፤ እንዲህ እያለ እስኪገባ።
በሷ ስልክ ሰመረ፤ የወታደር ሰልፍ ሆነ።
በኦብዱሊያ ስልክ ግን ግማሹ ከስክሪን ውጭ ባከነ።

ኦብዱሊያ አጫራች ናት፤ ስልኩን ከልጅ ልጇ ነው የወረሰችው፣
መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ፊደሉን እንደ ጡብ ያገዘፈችው።
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ቦቲዋ ውሃ እያንጠባጠበ፣
መስኮቱን ከፈተች፤ የናፍጣ ሽታ ክፍሉን ከበበ።

«እስቲ እዪያቸው» አለች፣ «ሲመጡ ሜትር ይለካሉ?
‹ከግንቡ ስንት ክንድ ነን?› ብለው ይከራከራሉ?
የፊተኛው ግንቡን ይይዛል፣ የኋለኛው ደግሞ እሱን፣
ሦስተኛው ከሁለተኛው ጎን ያስራል ገመዱን።
ውሃው ሲነሣ አብረው ከፍ፣ ሲሸሽ አብረው ዝቅ ነው፤
እኛ ‹ስንት ላይ?› አንልም፤ ‹ከማን ጎን?› ነው የምንለው።»

ሳቤላ መልስ አልሰጠችም። ሾርባውን እንደቀዘቀዘ ጠጣች።
ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሰርዛ ገመድ መጻፍ ጀመረች፦
«አናትህ ከፊተኛው ግርጌ፣ ግራህ ደግሞ ከዳር፤
ስም ሲረዝም ይታጠፍ እንጂ አይቆረጥ እንደ ሣር።»

ሠራ። ብርዱን ሁሉ ሠራ፤
ኤላዲዮ ጀልባውን ሸጦ ጡረታ እስኪወጣ።
«ፔድራ ዶ ሳል» ተሰረዘ።
ከሱ ጎን የታሰሩት ሰባቱ ባዶ ገመድ ይዘው፣
ሽው ብለው ወደዚያው ጥግ፣ ዜሮ ላይ ተከምረው።

በኮድ አገር ሁለት ዓይነት መሄድ አለ፦
አንዱ ከነቦታው ይሄዳል፤ ጎረቤት ተጠግቶ ይሞላዋል፣
ሌላው አይታይም እንጂ ስፍራው እንደታሰረ ይቆያል።
ሳቤላ የመጀመሪያውን መረጠች።

አንድ ማለዳ ኤላዲዮ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣
የኦብዱሊያን ስልክ ተቀበለ፣ ወደ ልማዱ ተመልሶ፤
አውራ ጣቱ ሳያይ ሦስተኛው መስመር ላይ ዐረፈ፤
የሌላ ሰው ሰርዲን ተከፈተ።
«ይቅርታ» አለ፤ ለስልኩ።
ማንም አልሳቀ።

ማታ ሳቤላ አንዲት ቃል ለወጠች። አንዲት ብቻ።
አሁን ከሁለተኛው በታች ክፍት ቦታ አለ፤
ገዢዎች «ተበላሽቷል እንዴ?» ይላሉ፤
ኦብዱሊያ ሚዛኗን እየጠረገች «አልተበላሸም» ትላለች፣
ሌላ አትጨምርም።

ትናንት አዲስ ጀልባ ገባ፤ የሦስት ቅዱሳን ስም ባንድ ላይ፣
ታጥፎ ታጥፎ ሦስት መስመር ሆኖ ታየ ስክሪኑ ላይ።
ሳቤላ ክፍቱን ቦታ አየች። ስክሪን ጠባብ፣ ስፍራ ውድ ነው።
ገመዱን አነሣች፤
ከባዶው ጎን አሰረችው።