ስድስት ሲካፈል

ጥር ነው በቫርዶ፤ ፀሐይ የለችም፤
ቶርዲስ ግን ተነሥታ መብራት አላበራችም፤
በጨለማ ቁጭ ብላ፣ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ
ታወጣ ታወርዳለች የዛሬውን ጉዳይ፦
በክፍልፋይ ማካፈል።
ለአምስተኛ ክፍል።

እሷም በዚያ ዕድሜ፣ አምስተኛ ሳለች፣
ሰባት ጊዜ ስምንት ስትባል፣ ሰሌዳው ፊት ጠፍታለች፤
«ጠፍታለች» ማለቴ፣ ቆማለች እዚያው ነው፤
ብቻ ከውስጧ ነው አንዲት ልጅ የወጣችው።
ከዚያ ወዲህ ሰዎች ስለ ሒሳብ ካወሩ
«ቁጥር አይሆነኝም» ነው የአፏ መጀመሩ፤
እንደ አባቷ ስም
ታስከትለዋለች፤ የጠየቃት የለም።

በኮሌጁም ቢሆን፣ ከሠላሳ እጩ መምህር
አሥራ ዘጠኙ ያው ናቸው፣ በምስጢር፤
በምሳ ሰዓት ላይ፣ ሳቅ እየቀላቀሉ፣
«ልጆቹ ይነቁብን ይሆን?» እየተባባሉ።

ትምህርት ሲዘጋ ግን፣ ዓሣ ፋብሪካ ገብታ፣
በላስቲክ ጓንቲዋ፣ ከጧት እስከ ማታ
ስታሽግ ስትቋጥር፣ ሚዛኑን ሳታይ
ሦስት ሩብ ኪሎውን ታውቀው ነበር እጇ ላይ።
ያንን ግን ሒሳብ ነው ብሎ የነገራት
ሰው አልነበረም። እሷም አልመሰላት።

ሌመት እጁን አነሣ፣ የአጋዘን አርቢው ልጅ፦
«ማካፈል የሚባል የሚያሳንስ ነው እንጅ!
ስድስትን ለሦስት ሩብ ብናካፍላት
እንዴት ስምንት ሆነች? ማን ጨመረላት?»

ጠመኔው ቆመ። ከኋላ ወንበር ላይ ኦድቫር ተቀምጧል፤
ሊገመግማት ነው፤ ደብተሩን ገልጧል።
«ገልብጦ ማባዛት» የሚል ሕግ አለ በኪሷ፤
ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም እሷ ራሷ።
ያቺ የጠፋች ልጅ ልትጠፋ ነው እንደገና፤
በሩን በዓይኗ ለካች።
ቆየችና፣
«አላውቅም» አለች፤ «ቆይ፣ ዓሣ ልሣል።»
ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

ስድስት ኪሎ ዓሣ ሣጥን ሙሉ ሣለች፤
ሦስት ሩብ፣ ሦስት ሩብ፣ እያለች ቋጠረች፤
እጇ ፋብሪካውን ቀስ ብሎ አስታወሰ፤
ስምንተኛው ሲታሰር ዓሣው ተጨረሰ።
«ድርሻ ሲያንስ» አለ ሌመት «ተካፋይ ይበዛል!»
(ሥጋ ሲታደል ያየ ልጅ ይህን ያውቀዋል።)

ኦድቫር የጻፈላት ሁለት መስመር ነው፦
«ሕጉን ሳትነግሪ ነገሩን አሳየሽው።
ዓሣሽ ግን ጭራ እንጂ ዓይን የለውም።»
ሳቀች፤ ወረቀቱን ለማንም አላሳየችም።

ወደ ቤት ስትሄድ፣ በነፋሱ መሃል፣
ሰባት ጊዜ ስምንት አሁንም ይጠፋታል፤
ጓንቷ ውስጥ በጣቷ፣ ሰባት፣ አሥራ አራት፣
ሃያ አንድ፣ ሃያ ስምንት... ማንም ሳይነዳት፤
ሃምሳ ስድስትን ከደጃፏ ደረጃ አገኘችው፣
ቀስ ብላ። ቁልፏን አውጥታ በሩን ከፈተችው።